ምትክ ልኬ ቦታዬን አጣሁ፣ እናንተ ጋ ይሄ ነገር እንዴት ነው ሚታየው?

ቤዝ በሌሊት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው ምወጣው፣ ዛሬ ግን ልጽፍ ነው፣ ነገሩ ውስጤ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል።

ኮንትራባስ ነው ምጫወተው። ከአንድ የጃዝ ኳርቴት ጋር ስድስት አመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ስንሰራ ነበር፣ ፒያኖ፣ ቴነር ሳክስ፣ ድራምና እኔ። ቤቱ ትልቅ አይደለም፣ ሞላ ሲባል ስልሳ ሰው ቢይዝ ነው፣ ግን ሳምንቴን ምቆጥረው በሱ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት አባቴ ታመመ። አጠገቡ መሆን ስለነበረብኝ አምስት ሳምንት አልሰራሁም። ባንዱ እንዳይቸገር ብዬ ምትክ የፈለግኩት ራሴ ነኝ። ጃም ሴሽን (ሙዚቀኛ ሁሉ እየመጣ አብሮ ሚጫወትበት) ላይ ማውቀው አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፣ ሃያ አራት አመቱ ነው፣ ደወልኩለት፣ ኖታዎቹን በሙሉ ሰጠሁት፣ የትኛው ዘፈን ላይ መጨረሻው ሦስት ጊዜ እንደሚደገም፣ ሳክሱ ሶሎ ሊጨርስ ሲል ትከሻውን እንዴት እንደሚያደርግ ሳይቀር ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። አምፕ (የድምጽ ማጉያ) ስላልነበረው የራሴን አዋስኩት።

አባቴ ተመስገን ተሻለው። ተመልሼ የባንዱ መሪ፣ ሊደሩ ጋ ስደውል "ልጁ ጥሩ ገብቶልናል፣ ለጊዜው እንዲሁ እንቀጥል፣ አንተም ትንሽ እረፍ" አለኝ። ስድስት አመት በአንድ ስልክ አለቀ። ስልኩ ሁለት ደቂቃም አልሞላም።

ልጁን አልጠላውም። ግን አልዋሻችሁም ስሙ ሲነሳ ደረቴ ይጨንቀኛል። ከዛ ወዲህ ጃም ሄጄ አላውቅም፣ ኮንትራባሱም ጥግ ቆሟል። ጥያቄዬ፣ ምትክ መላክ ሚባለው ነገር ህግ አለው ወይ? ከእንግዲህ ሰው ስራ ልላክ ወይስ አልላክ? ሊደሩንስ ሄጄ ላናግረው ወይስ እንዲሁ ልተወው?

አራት አራተኛ

ወንድሜ በጣም አዝኛለሁ፣ አባትህንም እግዚአብሔር ጨርሶ ይማረው።

ህግ አለው እንጂ! ያልተጻፈ ነው ግን ሁሉም ያውቀዋል። ምትክ ሆነህ ስትሄድ ቦታው የላከህ ሰው ነው። በጊዜ ትደርሳለህ፣ የተሰጠህን ትጫወታለህ፣ ለሊደሩ "ሌላ ጊዜም ደውልልኝ" ብለህ ቁጥር አትሰጥም፣ ሊደሩ ራሱ ቢደውልልህ እንኳ መጀመሪያ ለላከህ ሰው ደውለህ "እንዲህ ብሎኛል ምን ልበል" ትላለህ። እኔ ድራመር ነኝ፣ አስራ ስድስት አመት እንደዚህ ነው የኖርኩት። ልጁ አንድ ስልክ ነፍጎሃል። ሊደሩ ደግሞ የባሰ ነው፣ አባቱን ሊያስታምም የሄደን ሰው ቦታ አይሰጡም፣ ያሳፍራል።

ኮምፒንግ

እኔ ግን ከአራት አራተኛ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም።

ፒያኖ ነው ምጫወተው፣ ሁለት ጊዜ ቦታ አጥቻለሁ አንድ ጊዜ ደግሞ የሰው ቦታ ወስጃለሁ፣ ስለዚህ ከሁሉም ወገን አውቀዋለሁ። ቦታው የማንም ንብረት አይደለም፣ ውል የለንም፣ ወረቀት የለንም፣ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ነው ምንጠራው። ቤዝ በሌሊት፣ ይሄን ስጠይቅህ ቅር አይበልህ፣ ከመሄድህ በፊት ባለው አንድ አመት ሐሙስን እንዴት ነበር ምትጫወተው? አዲስ ዘፈን ይዘህ ትሄድ ነበር? ከድራመሩ ጋር ቢቱ ላይ ትነጋገሩ ነበር? ምክንያቱም ስድስት አመት አንድ ቦታ ስትሰራ ጆሮህ ይተኛል፣ ሰውዬው ምን ሊጫወት እንደሆነ ስለምታውቅ መስማት ታቆማለህ። እኔን ሲያስወጡኝ የተናደድኩት ለአመት ነው፣ በኋላ በስልክ የቀረጽኩትን የድሮ ቅጂያችንን ስሰማ ግን ከሳክሱ ስር ሁልጊዜ አንድ አይነት ኮርድ (አብረው ሚመቱ ድምጾች) በአንድ አይነት ቦታ ስጥል ሰማሁት። ልጁ የመጣለት ሊደር አዲስ ነገር ሰምቶ ይሆናል።

ይሄ ሲባል ግን በስልክ "እረፍ" ማለት ነውር ነው። እሱ ላይ ምንም ክርክር የለኝም።

ቤዝ በሌሊት

ኮምፒንግ፣ መጀመሪያ ሳነበው ተናድጄ ዘጋሁት፣ ማታ ተመልሼ አነበብኩት። የመጨረሻው አመት ላይ እውነት ነው ደክሞኝ ነበር፣ አባቴም ከመተኛቱ በፊት ጀምሮ ጤናው ልክ አልነበረም፣ ሐሳቤ እሱ ጋ ነበር። ይሄን ግን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አብረን ስንት ሌሊት እቃ ተሸክመናል።

የቀድሞ ትሮምቦን

ልጆቼ፣ እኔ ከመሳሪያው ከተለየሁ ቆይቻለሁ፣ ከንፈሬም ጥርሴም አልፈቀደልኝም። ግን ስለ ቦታ ስታወሩ አንድ ታሪክ መጣብኝና ትንሽ ልርዘም።

ጆ ኦሊቨር፣ ኪንግ ኦሊቨር ሚሉት የኮርኔት (ትራምፔት መሰል መሳሪያ) ተጫዋች፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በኪድ ኦሪ ባንድ ነበር ሚሰራው። በፈረንጆቹ 1918 አካባቢ ወደ ቺካጎ ሲሄድ ቦታውን የያዘው ገና አስራ ምናምን አመት የሆነው ሉዊስ አርምስትሮንግ ነው። ኦሊቨር ለዛ ልጅ ትምህርት ሰጥቶታል፣ አሮጌ ኮርኔቱንም ሰጥቶታል። አሁን ዋናው ነገር፣ በ1922 ኦሊቨር ቺካጎ ሆኖ የራሱ ባንድ ሲኖረው ሁለተኛ ኮርኔት ያስፈልገኛል ብሎ የጠራው ያንኑ ልጅ ነው። ልጁ ከሱ በላይ ሊጫወት እንደሚችል ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር፣ ቢሆንም ጠራው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ብሬክ (ባንዱ ዝም ብሎ እነሱ ብቻ ሚነፉበት ቦታ) ሲመጣ ተስማምተው ሚነፉት ነገር ሙዚቀኛው ሁሉ እየመጣ ሚሰማው ሆነ፣ በ1923 የቀረጹትም ዛሬ ድረስ አለ።

ግን ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሜ ብሄድ አጭበረብራችኋለሁ። ኦሊቨር ድዱ ታሞ መንፋት አቃተው፣ ባንዱ ተበተነ፣ በ1938 ሳቫና ውስጥ በድህነት ሞተ፣ መጨረሻ ላይ ቢሊያርድ ቤት እያጸዳ ነበር ሚኖረው። ይሄንን ሳስብ ሁሌ ከንፈሬን እነካለሁ። ቤዝ በሌሊት ቦታውን ያጣው መጫወት አቅቶት አይደለም፣ ቤቱ ሰው ታሞበት ነው። ህመም ሲመጣ ለጃዝ ሰው ሚደርስለት ማነው? ጥያቄው እሱ ነው ለኔ።

ትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊሌስፒ ኢንግልዉድ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ሐኪሞቹን የለመናቸው ነገር አለ፣ መክፈል ለማይችሉ ሙዚቀኞችም እንደኔ አድርጉላቸው ብሎ። ጥር 1993 እዛው ሆስፒታል አረፈ፣ ሆስፒታሉ ግን ቃሉን ይዞ በ1989 ከተቋቋመው የጃዝ ፋውንዴሽን ጋር ኢንሹራንስ የሌላቸውን ሙዚቀኞች በነጻ ማከም ጀመረ። ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ያሰበው የሐሙስ ማታ ሰራተኛውን ነው።

ድምጿ

ጋሼ ትሮምቦን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ዘፋኝ ነኝ፣ እስካሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እናንተ ቢያንስ ህግ አለን ምናምን ትላላችሁ፣ ለኛ ህጉም አይሰራም። እርጉዝ ሆኜ ሰባተኛ ወር ላይ "ለራስሽ ብለን ነው" ተባልኩ። ልዝፈን ልቀመጥ የጠየቀኝ የለም፣ ትንፋሼ እንደሚያጥር እኮ ከማንም በላይ ማውቀው እኔ ነኝ፣ የዘፈኑን ቁልፍ በአንድ ድምጽ ዝቅ አድርገን ሐረጉን አሳጥሬ እየሰራሁ ነበር፣ ሰውም አላወቀም። ለሁለት ወር የተባለው አመት ከስምንት ወር ሆነ። ምትኬ ሆና የገባችው ልጅ ጓደኛዬ ናት፣ አሁንም ጓደኛዬ ናት፣ እሷን አልወቅስም፣ ስራ ነው፣ እሷም ትበላለች።

ስወልድ ከባንዱ ሰዎች የመጣው አንድ ሰው ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ። ትንሽ ኪቦርዱን በጀርባው ተሸክሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰአት ይመጣ ነበር፣ ህጻኑ ሲተኛ ቀስ ብለን እንለማመዳለን፣ ሲያለቅስ እናቆማለን፣ አንዳንድ ቀን ሦስት ዘፈን ላይ ነው ምንቀረው። ስለስራ አንድም ቀን አላወራንም። እኔን ወደ መድረክ የመለሰኝ እሱ ነው በግልጽ እናገራለሁ፣ አንድም ክፍያ የሌለው ማክሰኞ።

ቤዝ በሌሊት፣ ኮንትራባሱን ከጥግ አንሳው። ከነሱ ጋር ስለተጣላህ ከእንጨቱ ጋር አትጣላ።

አራት አራተኛ

ድምጿ ይሄን ሳነብ ስራዬን አቁሜ ነው የተቀመጥኩት። እኔም አንድ ዘፋኝ እርጉዝ የነበረች ጊዜ ዝም ካሉት አንዱ ነኝ። ዛሬ እደውልላታለሁ።

ሰማያዊ ኖታ

ይሄን ክር ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ጽፌ እያጠፋሁ ነበር። እኔ ያንን ስልክ የደወልኩት ሰው ነኝ። የቤዝ በሌሊትን ሊደር አይደለሁም፣ ግን ለሌላ ሰው ያንኑ አድርጌያለሁ፣ ስለዚህ ከዛኛው ወገን ሆኖ ምን እንደሚታይ ልናገር፣ ለራሴ ጥብቅና አይደለም።

ትራምፔት እጫወታለሁ፣ ኩዊንቴት ነበረኝ። ድራመሬ እጁን ተሰብሮ አስር ሳምንት ቀረ። ምትክ የመጣው ልጅ ጨዋታው ቀለል ያለ ነው፣ ራይድ ሲምባሉ ጥርት ይላል፣ ስንጫወት እርስ በርስ መሰማማት ጀመርን፣ የክለቡ ባለቤት ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት መጥቶ "አሁን ሰዎች መጯጯህ ሳያስፈልጋቸው ያወራሉ" አለኝ። ሊደር ስትሆን ምን እንዳለብህ ሰው አያይም። ከባለቤቱ ጋር ምትከራከረው አንተ ነህ፣ ሰው ያልመጣ ቀን የበር ገቢ ለአምስት ተካፍሎ የታክሲ ሲያንስ ድርሻህን ምትተወው አንተ ነህ፣ ማይክ የተበላሸ ቀን ምትሰደበው አንተ ነህ። ስለዚህ አንድ ነገር በራሱ ጥሩ ሆኖ ሲሄድልህ መንካት ትፈራለህ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ፈራሁ።

ድራመሬ እጁ ሲድን ቤቱ ሄጄ ማናገር ነበረብኝ። የላክሁለት ግን መልእክት ነው። አራት መስመር። አራት አመት አላናገረኝም፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ያልፈኝ ነበር። የጎዳሁት ምትኩን በመምረጤ ይመስለኝ ነበር፣ ባለፈው አመት አንድ የጋራ ጓደኛችን ቀብር ላይ ጎን ለጎን ቆመን እሱ ራሱ ነገረኝ። "ልጁ ጎበዝ ነው እኔም ብሆን እሱን ነበር ምይዘው፣ ግን ቤቴን ታውቀዋለህ" አለኝ። ቤቴን ታውቀዋለህ። ስንት ጊዜ እዛ በልቻለሁ።

ወንድም፣ ሊደርህን ሂድና አናግረው። ቦታህ ላይመለስ ይችላል። ግን እሱ ያንን ስልክ ከደወለ ጊዜ ጀምሮ ምናልባት እንዳንተው እንቅልፍ የለውም፣ እኔ አልነበረኝም።

ኮምፒንግ

ሰማያዊ ኖታ ይሄን መጻፍ ቀላል አይደለም፣ አከብርሃለሁ።

አዲስ ሲምባል

ጤና ይስጥልኝ ትልልቆቼ። ሃያ ሁለት አመቴ ነው፣ ድራም እጫወታለሁ፣ ጃም ላይ መቀመጥ ከጀመርኩ አንድ አመት ሆነኝ፣ በምትክነት ስድስት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ይሄን ክር ሳነብ ፈራሁ፣ ምክንያቱም የሆነ ቀን "ልጁ" እኔ ልሆን እችላለሁ። የላከኝን ሰው ሳልጎዳ እንዴት ነው ማድገው? ሊደር በቀጥታ ቢደውልልኝ እምቢ ካልኩ እንደገና ላይጠራኝ ነው፣ እሺ ካልኩ ደግሞ ስሜ ይጠፋል። ሌላም አለ፣ ጃም ላይ ሶሎ ሲረዝም ፎርሙ (ዘፈኑ የት ጋ እንደደረሰ) ይጠፋብኛል፣ ስለሚያፍሩብኝ ነው መሰለኝ ማንም አይነግረኝም፣ ሲጨርሱ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ።

ብሩሽና ሲምባል

ና ወንድሜ እኔም ድራመር ነኝ፣ አንድ በአንድ እንነጋገር።

ስለ ስልኩ፣ ሊደር ሲደውልልህ እምቢም እሺም አትበል። "በጣም ደስ ይለኛል፣ እገሌ የላከኝ ስለሆነ ለሱ አንድ ደውዬ በአስር ደቂቃ እመልስልሃለሁ" በለው፣ ከዛ በእውነት ደውል። በሃያ ምናምን አመቴ በዚህ ምክንያት ስራ ያጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያኛው ሊደር ደግሞ ካወቅኩት በኋላ ባጣው ደስ ያለኝ ነው። በተረፈ ሊደሮች ይሄን ሲሰሙ ይበልጥ ነው ሚያምኑህ፣ ነገ የነሱንም ሰው እንደማትጎዳ ያውቃሉ። ከስራው በኋላ ደግሞ ለላከህ ሰው ደውለህ ማታው እንዴት እንደነበር ንገረው፣ ምን ተጫወታችሁ፣ የት ተሳሳትክ፣ አዲስ ዘፈን ተጨምሯል ወይ። ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ነው።

ስለ ፎርሙ፣ ሲጠፋብህ መጫወትህን አታቁም፣ ድምጽህን ቀንስና ቤዙን ስማ። ሠላሳ ሁለት ባር ኤ ኤ ቢ ኤ (አንድ ዜማ ሁለቴ፣ ከዛ ብሪጅ ሚባለው ሌላ ዜማ፣ ከዛ የመጀመሪያው እንደገና) ከሆነ ብሪጁ ሲመጣ ኮርዱ መልኩን ይቀይራል፣ እሱን ያዘውና ተመለስ። ዜማውን በልብህ እየዘፈንክ ተጫወት፣ የሰው ሶሎ ላይም ሳይቀር፣ ባር መቁጠር ያደክማል ዜማ ግን አያደክምም። ማንም አይነግረኝም ላልከው፣ ጠይቅ። "የት ጋ ጠፋሁ?" ብለህ ቤዚስቱን ጠይቀው፣ ቤዚስት ሁሌ ያውቃል።

እና አንድ ልጨምር ከርዕስ ወጣሁ ብትሉኝም፣ ጆሮህን ከአሁኑ ሸፍን። እኔ ግራ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ሌሊት ጸጥ ሲል ነው ሚብሰው፣ ከስራ ለአምስት ወር የቀረሁት በሱ ነው። 85 ዴሲቤል (የድምጽ መጠን መለኪያ ነው) ለስምንት ሰአት ነው ሚባለው ልክ፣ ከዛ በላይ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰአቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ ስትደርስ አስራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ሲምባል አጠገብ ሦስት ዙር መጫወት ምን ማለት እንደሆነ አስበው። ለሙዚቀኛ ተብሎ ሚሰራ የጆሮ መሰኪያ አለ፣ ድምጹን አያደፈርስም እኩል ነው ሚቀንሰው። መጀመሪያ ይደብራል፣ ትለምደዋለህ።

አዲስ ሲምባል

በጣም ነው ማመሰግነው። የላኩኝን ሰዎች ስድስት ጊዜም መልሼ ደውዬላቸው አላውቅም። ማስቸገር መስሎኝ ነበር።

የቀድሞ ትሮምቦን

አዲስ ሲምባል ልጄ፣ ድራመሩ ጆ ጆንስ ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር ላይ ሲምባል የጣለበትን ታሪክ ሰምተህ ከሆነ አትፍራ። በ1936 ነው፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ፓርከር አስራ ስድስት አመት ሊሆነው አካባቢ፣ ጃም ላይ ኮርዱ ጠፋበት፣ ድራመሩ ሲምባሉን ፈቶ እግሩ ስር ወረወረበት፣ ሰው ሳቀ። ሁሉም ሰው ታሪኩን "ከዛ ሄዶ ተለማምዶ ቻርሊ ፓርከር ሆነ" ብሎ ነው ሚጨርሰው። እኔ ያን ታሪክ አልወደውም። ሲምባል ተወርውሮባቸው ቤታቸው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? እኔ በወጣትነቴ ያየኋቸው አሉ፣ ጥሩ ጆሮ የነበራቸው።

እኔ ምወደው ሚንተንስን ነው። ሄንሪ ሚንተን ሚባለው ሳክስፎኒስት ሀርለም ውስጥ በ1938 የከፈተው ቤት ነው። ያኔ የሙዚቀኞች ማህበሩ አባላቱ ያለ ክፍያ ጃም ላይ ከተገኙ ይቀጣ ነበር፣ ሚንተን ግን ራሱ የማህበሩ ተወካይ የነበረ ሰው ስለሆነ እሱ ቤት ሰው ሳይሳቀቅ ይጫወታል። ቴዲ ሂል ማስተዳደር ሲጀምር ፒያኒስቱን ቴሎኒየስ ሞንክንና ድራመሩን ኬኒ ክላርክን ለቤቱ ባንድ ቀጠረ፣ ሰኞ ማታ ሌላ ቤት ሚሰሩት ሙዚቀኞች እረፍታቸው ስለሆነ እየመጡ ይበሉ ነበር በነጻ፣ ከዛ ይጫወታሉ። ቢባፕ ሚባለው የጃዝ አይነት የጎለበተው እዛ ነው። እራት ያበላ ሰው ነበረበት ማለት ነው።

ያው ሞንክ ደግሞ በ1951 የካባሬት ካርዱን ተነጠቀ። ኒው ዮርክ ከ1940 እስከ 1967 መጠጥ ሚሸጥበት ቤት ለመስራት ከፖሊስ ካርድ ማውጣት ግዴታ ነበር፣ ካርድ ከሌለህ ክለብ የለም። ዘፋኟ ቢሊ ሆሊደይም ከ1947 በኋላ እንደዛው። ሞንክ ስድስት አመት ግድም ከተማው ውስጥ እንደልቡ አልሰራም። ሚስቱ ኔሊ እየሰራች ቤቱን ይዛለች፣ ሙዚቀኞቹ ደግሞ ወደ ቤቱ ይሄዱ ነበር። ካርዱ ተመልሶለት በ1957 ፋይቭ ስፖት ሚባለው ክለብ ሲገባ ከጎኑ የቆመው ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን ያን አመት ጠዋት ጠዋት የሞንክ ቤት እየሄደ ነው ዘፈኖቹን የተማረው፣ ሞንክን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ። ቤዝ በሌሊት፣ መድረክ የለኝም ማለት ቤት የለኝም ማለት አይደለም። በር ክፈት፣ ሰው ይመጣል።

አራት አራተኛ

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ተነሳሁ አሁን። ከራሳችን ጀምረን ለምን አናደራጀውም? ቺካጎ ላይ በ1965 እነ ሙሃል ሪቻርድ አብራምስ ኤኤሲኤም ሚባለውን ማህበር ሲያቋቁሙ ክለቦቹ ለሙዚቃቸው ቦታ ስላልሰጡ ራሳቸው ኮንሰርት እያዘጋጁ፣ የሰፈር ልጆችን በነጻ እያስተማሩ ነው ዛሬ የደረሱት። እኛ ትልቅ ነገር አያስፈልገንም። እኔ ያለሁበት ስምንት ሙዚቀኞች ነን፣ ከየስራው ትንሽ ትንሽ እየተዋጣ አንዷ ጋ ይቀመጣል፣ የታመመ ወይ ሰው የታመመበት ለአራት ሳምንት ድርሻው ይሰጠዋል፣ ምትኩም ሲገባ "ይሄ ሰው በዚህ ቀን ይመለሳል" ተብሎ ለሊደሩ በሁላችንም ስም ይነገረዋል። በአንድ ሰው አፍ ሲባልና በስምንት ሰው ሲባል አንድ አይደለም። ሦስት አመት ሆነው፣ ሁለት ጊዜ ተጠቅመንበታል፣ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው።

ድምጿ

ዘፋኝ አለበት?

አራት አራተኛ

የለበትም። እውነትሽን ነው። እሁድ ስንገናኝ አነሳዋለሁ፣ ያቺንም ደውዬላት ነበር፣ ረጅም ሰአት አወራን፣ እሷንም እጠራታለሁ።

ኮምፒንግ

ለኔም ያንን የመዋጮ ነገር እንዴት እንደምታሰሉት በዝርዝር ጻፍልኝ፣ ለብቻው ክር ብትከፍትለት ጥሩ ነው። በተለይ ስራ የሌለው ወር ላይ ሰው እንዴት እንደሚከፍል።

ቤዝ በሌሊት

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ አንዳንዱን ደጋግሜ።

ሐሙስ ሄድኩ። ወደ ሊደሩ ሳይሆን ልሰማ። ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ስድስት አመት ስሰራ ከዛ ወንበር ሆኜ ባንዱን ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ጥሩ ነው። ኮምፒንግ ያልከው ነገር ገባኝ፣ ሳክሱ አንድ ነገር ሲወረውር ቤዙ ቶሎ ይመልሳል፣ እኔ መመለስ የተውኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም። ባላድ (ዝግ ያለ ዘፈን) ላይ ግን ይቸኩላል፣ ኖታውን ሳያስጨርሰው ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። ይሄን ሳስተውል ንዴቴ ትንሽ ቀነሰ መሰለኝ፣ ስለሱ አጨዋወት እያሰብኩ ስለነበር።

በእረፍት ላይ አየኝ። ፊቱ ተለወጠ። መጣና ቆመ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም፣ ከዛ "አንተ ራስህ ትቼዋለሁ ብለሃል ተብዬ ነው" አለ። እኔ እንደዛ አላልኩም። ሁለታችንም ለሊደሩ ዞር ብለን አየን፣ ሊደሩ ከክለቡ ባለቤት ጋር እያወራ ነበር። ልጁ "አሁኑኑ እነግረዋለሁ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አልመጣም" አለ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይ አልኩት። ለምን እንዳልኩ በደንብ አላውቅም፣ ግን ገና ሁለት ዙር ይቀረው ነበር፣ እንደዛ ሆኖ እንዲጫወት አልፈለግኩም። "ባላዱ ላይ አትቸኩል፣ ሌላውን በኋላ እናወራለን" አልኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ ባላድ ሲመጣ ወደኔ እያየ ነበር ሚጫወተው።

ሊደሩን ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ አናገርኩት፣ ሰማያዊ ኖታ ባልከው መሰረት። ብዙ አልተባባልንም። ልጁ እንዲገባ ፈልጎ እውነቱን ለሁለታችንም አለመናገሩን አመነ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ አባቴን እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ይሄ ጥያቄ ነበር የጎደለኝ መሰለኝ ምክንያቱም ስመልስለት ድምጼ ተሰበረ። ቦታውን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልሰጠኝም። ቅር ብሎኛል አሁንም፣ አልደብቃችሁም።

ልጁ ሰኞ አምፑን ይዞልኝ መጣ፣ ኬብሉ ሲንኮሻኮሽ የነበረውን አሰርቶታል። ኮንትራባሱን ከጥግ አንስቼ ስለነበር ባላዶቹን አብረን እስኪመሽ ሰራን፣ አንዱ መሳሪያ ላይ ተራ በተራ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ ማክሰኞ ማታ ሚሰራበት ሌላ ትሪዮ አለ፣ በዛው ቀን ሌላ ቦታ ተጠርቷልና ሊሄድለት ሚችል ምትክ ይፈልጋል።

እሺ አልኩት። ኖታውን ዛሬ ጠዋት ላከልኝ፣ አስራ አራት ዘፈን ነው፣ ሦስቱን ጭራሽ አላውቃቸውም፣ አንዱ ደግሞ ምቱ አምስት አራተኛ ነው። የትሪዮው ፒያኒስት መግቢያውን ብቻውን ስለሚጫወት በአራተኛው ባር ላይ ራሱን ሲነቀንቅ ግባ ብሎ ከስሩ ጽፎልኛል። ልለማመድ ልሂድ፣ ረቡዕ እጽፍላችኋለሁ፣ ከዛ በፊት ግን ለሱ እደውልለታለሁ።